አንድ ዶርም ማደር ጥላቻን ይሽራል? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ተማሪ ከተወለደበት አካባቢ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ "ልጆቹ ይተዋወቃሉ፣ አገራቸውን ያያሉ" ይባላል። በ2012 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ከተገደሉና ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ከተዛመተ በኋላ ግን "ልጄ እዚሁ አጠገቤ ይማር" የሚል ወላጅ በዝቷል። ለመሆኑ አብሮ መኖር ስለ ሌላው ሕዝብ ያለንን ጥላቻና ጥርጣሬ ያስለቅቃል? ብሔር እየጠራችሁ አትወነጃጀሉ። ሐሳብ ላይ እንቆይ።

የሲቪሏ (የሲቪል ምህንድስና ተማሪ)፦ ያስለቅቃል እንጂ! ከደብረ ማርቆስ ጅማ ስመደብ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እናቴ በሶና ሽሮ ቋጥራ "የማታውቂውን ሰው እጅ እንዳትቀምሺ" ብላ ላከችኝ። ዶርም ስንገባ ሁላችንም ሎከራችንን ቆልፈን ቁልፉን አንገታችን ላይ ነበር የምናንጠለጥለው። ከዚያ ረመዳን ገባ። ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛዋ ልጅ እንቅልፏ ከባድ ነው። አላርሟ ሲጮህ እኛ እንነቃለን፣ እሷ ለጥ ብላ ትተኛለች። ስለዚህ ለስሁር የምንቀሰቅሳት እኛ ሆንን። የኛ ጾም ሲመጣ ደግሞ የጾም ወጥ እንዳያልቅብኝ ካፌ ቀድማ ትሰለፍልኝ ነበር። ሂርማታ ገበያ ይዛኝ እየዞረች ኦሮምኛ ያስለመደችኝም እሷ ናት። ዛሬ እናቴ ስትደውል አስቀድማ የምትጠይቀኝ የሷን ደህንነት ነው። ይህንን ምንም ስብከት አያመጣውም።

የቦንጋው፦ እህቴ፣ ታሪክሽ ደስ ይላል። ግን መተዋወቅ ብቻውን ጥላቻን የሚሽር ቢሆን ኖሮ የኛ አገር ገና ድሮ በተፈወሰ ነበር። እኛ ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ከኛ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። እንጨትና ከሰል ገበያ ያመጣሉ፣ በስማቸው ጠርተን እንገዛቸዋለን። ቤታችን ውስጥ ግን አይገቡም። ድሮ ምግብ ሲሰጣቸው በቅጠል ነበር፣ ሳህኑ እንዳይነካ። ጋብቻማ አይታሰብም። ዛሬ ትንሽ ተሻሽሏል፣ አልካድኩም። ግን ስንት ትውልድ ጎን ለጎን ኖረን ነው?

ደግሞ የከፋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስንቱ አካባቢ ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ገዝተን እሷን ግን ቡና ጠጪ አንላትም። ሕፃን ቀና ብላ ካየች "ቡዳ ናት" ብለን ልጁን እንሸፍናለን። ያቺን ሴት እኮ በደንብ እናውቃታለን። በየሳምንቱ እናገኛታለን። ባገኘናት ቁጥር የምንደግመው ደጅ ማስቆምን ነው። ልጆቻችንም እያዩ የሚማሩት ይህንኑ ነው። መገናኘታችን ራሱ ንቀቱን አደሰው እንጂ አልሻረውም።

የሲቪሏ፦ ልክ ነህ፣ ግን ያ እኩልነት የሌለበት ነው። ዶርም ውስጥ እኮ ሁሉም ያው አልጋ፣ ያው ሎከር፣ ያው የካፌ ሰልፍ ነው። ማንም ማንንም ደጅ አያቆምም።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነትነት አለው። የሥነ ልቦና መምህር ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር። አሜሪካዊው ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ የሚመለከት ነው። መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ አብረው የሚደክሙለት ግብ ሲኖራቸው፣ እርስ በርስ ከመፎካከር ይልቅ ሲተባበሩ፣ ባለሥልጣንና ሕግ ወይም ልማድ ሲደግፋቸው ነው ይላል። የቦንጋው ወንድማችን የነገረን አንዱም ያልተሟላበትን መገናኘት ነው።

ዶርምን በተመለከተ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተጠና አለ። ሳይመርጡ ከጥቁር ተማሪ ጋር ክፍል የተጋሩ ነጮች ስለ ጥቁሮች ያላቸው መጥፎ ግምት ቀነሰ። የጥቁሮቹም ውጤት ተሻሻለ። ስለዚህ የሲቪሏ ልጅ ያለችው ተረት አይደለም።

ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥናት ነው። ሳልማ ሙሳ የምትባል ተመራማሪ ኢራቅ ውስጥ የሠራችው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። አይሲስ ያፈናቀላቸው ክርስቲያኖች በቡድን በቡድን ሆነው የእግር ኳስ ውድድር ገቡ። ለአንዳንዱ ቡድን ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩለት፣ ለሌላው ክርስቲያኖች ብቻ። ውድድሩ ሲያልቅ የተደባለቁት ቡድኖች ክርስቲያኖች በሌላ ቡድን ላለ ሙስሊም ተጫዋች ሽልማት ይገባዋል ብለው ድምፅ ለመስጠት የበለጠ ፈቃደኛ ሆኑ። ለሚቀጥለው ዓመትም ድብልቅ ቡድን ውስጥ ለመጫወት ተመዘገቡ። ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ ይሠሩ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሞሱል ከተማ፣ ብዙኃኑ ሙስሊም በሆነበት፣ ምግብ ቤት ሄደው እንዲመገቡ ኩፖን ሲሰጣቸው ከሌሎቹ የተለየ ነገር አላሳዩም። ሜዳ ላይ የመጣው መተማመን ከሜዳው ብዙ ርቆ አልሄደም።

የቀድሞ ፕሮክተር፦ መምህር፣ ይህን ሲሉ በዓይኔ ያየሁት ትዝ አለኝ። የወንዶች ሕንፃ ፕሮክተር፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የግቢውን ስም ልተወው። በዚያ በረብሻው ሰሞን አንድ ልጅ የዶርም ጓደኛውን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ ዋናው በር ሸኘው። ሰው እንዳይነካው ትከሻውን አቅፎት ነበር የሚሄደው። መኪና ላይ ሲያሳፍረው ሁለቱም አለቀሱ። ማታ ከሕንፃው ሥር "ይውጡልን" እያለ የሚጮኸው ቡድን ውስጥ ቆሞ ያንኑ ልጅ አየሁት። ጠራሁትና "ጓደኛህን ጠዋት ሸኝተህ?" አልኩት። "እሱ እኮ እንደነሱ አይደለም" አለኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ጓደኛውን ከልቡ ይወደዋል። ስለቀሩት የነበረው ሐሳብ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሌላም አለ። ፍሬሽ ሲገቡ እኛ እንደባልቃቸዋለን። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ምርጫ ሲሰጣቸው ግን ከአገራቸው ልጆች ጋር ይሰባሰባሉ። ካፌ ውስጥም ጠረጴዛው በቋንቋ ይለያል። አንድ ዓመት አደባልቆ መተው አይበቃም።

የኮምቦልቻ እናት፦ ልጆቼ፣ የተማራችሁ ናችሁና ጥናቱን ለናንተ ልተው። እኔ ወሎ ነው ያደግሁት። ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መኖሩን ማንም አያስተምረኝም። ሰርግ ስደግስ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል። ማንም አይቀየምም። እድራችንም የጋራ ነው። ይህን ያቆየው ግን ስለተያየን ብቻ አይደለም። እድሩ ዳኛ አለው፣ ደንብ አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ተጣልተሽ እንኳ ድንኳን ትተክያለሽ፣ ንፍሮ ትቀቅያለሽ።

ልጄን ሩቅ ስልካት ይህን የሚመስል ነገር አልነበረም። ግቢው ሲረበሽ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ማን ነው ኃላፊ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ፍቅር ይማሩ ብሎ የላካቸው አካል መጀመሪያ ደህንነታቸውን ይጠብቅ።

መምህሩ፦ እናቴ፣ ከኔ የተሻለ አስረዱ። ያ ዳኛ ያለው እድር ነው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያጡት። ጉዳት የደረሰበት ተማሪ አቤት የሚልበት፣ ያጠፋው የየትም ልጅ ይሁን የሚቀጣበት ቦታ ከሌለ አልጋ ማደባለቅ ብቻውን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

የቦንጋው፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እኛ ጋ ማንጆና ሌላው አንድ እድር ቢገቡ፣ ቀብር በእኩል ቢቆሙ፣ ያኔ መተዋወቅ ሥራውን ይሠራል። እስከዚያው ድረስ እንጨት መግዛት እንጨት መግዛት ነው።

የሲቪሏ፦ እማማ፣ የደህንነቱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ምደባው ይቅር የሚለውን አልቀበልም። ሁሉም በየክልሉ ቢማር ያቺ ልጅ ለኔ ዕድሜ ልኬን በወሬ ብቻ የማውቃት ሰው ሆና ትቀር ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቢሆን ከወሬ ይሻላል። መደባለቁ እስከ ምርቃት ይቀጥል። የላብና የፕሮጀክት ቡድንም በዕጣ ይሁን፣ ምክንያቱም ውጤት አብሮ የሚያመጣ ሰው ሳይወድ በግድ ይነጋገራል።

የኮምቦልቻ እናት፦ አንቺ ልጅ፣ እውነትሽን ነው፤ ያቺን ጓደኛሽንም አላህ ይጠብቅልሽ። ታናሿ ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትፈተናለች። እኔ ግን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ትሙላ ብያለሁ። ሌላ ቦታ ትሂድ የምለው ግቢው ውስጥ ችግር ሲነሳ ለማን ደውዬ ማን እንደሚመልስልኝ አስቀድሞ ሲነገረኝ ነው።