አስፋልት ዳር ጂ+3 ለመሥራት ከመንገዱ ስንት ሜትር እንራቅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፍኖተ ሰላም መውጫ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር 20 በ40 የሆነ የሊዝ ቦታ አለ፤ አስፋልቱን የሚነካው 20ው ነው። ምድሩ የበቆሎ መጋዘን፣ ላዩ ኪራይ ቤት እንዲሆን ታስቧል። ማዘጋጃ ቤት በካርታችሁ ወሰን ሥሩ ይላል፤ ሌላው ደግሞ መንገዱ የፌዴራል ነውና ከነሱም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ማንን እንስማ? ተሳቢ የሚገባበት በርስ ስንት ሜትር ይሁን?

ዳሞት፦
ሁለቱንም ስሙ። ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ ከተማ ውስጥ ስላለፈ የማዘጋጃ ቤት አይሆንም። ስለዚህ ዲዛይን ከማሠራታችሁ በፊት ሁለት ወረቀት ያዙ። አንደኛው ከከተማው የፕላን ስምምነት ነው፤ በመዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማውን መንገድና የመሬት አጠቃቀም በሚያሳየው ዋና ፕላን) ላይ የመንገዱ ስፋት ስንት እንደተያዘ በቁጥር ይጻፍበት። ሁለተኛው ከመንገዶች አስተዳደር ቅርንጫፍ፣ በዚያ ቦታ የመንገዱ ክልል (ለመንገዱ የተከለለው መሬት) እስከ የት እንደሚደርስ የሚገልጽ ደብዳቤ። ስትጠይቁ የቦታውን ኮኦርዲኔት አያይዙ፤ "ከእገሌ ሆቴል ፊት ለፊት" ብሎ ማመልከቻ መልስ አያመጣም።

የፕላኑንም ዕድሜ እዩ። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን የሚጸናው 10 ዓመት ነው። ሊያበቃ ጥቂት ከቀረው፣ የሚከለሰው ፕላን መንገዱን ሊያሰፋው ስለሚችል ረቂቅ ካለ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለካኩ ላይ ነው። ርቀቱ የሚቆጠረው ከመንገዱ መሃል መስመር ነው፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ አይደለም። ለምሳሌ ከመሃል 25 ሜትር ልቀቁ ከተባላችሁና አስፋልቱ 7 ሜትር ከሆነ፣ ከጠርዙ የሚቀራችሁ 21.5 ሜትር ነው። ከጠርዙ 25 የለካ መሬቱን በከንቱ ይተዋል። የባሰው ግን ቦዩን ወሰን አድርጎ አጥር የሚያቆመው ነው፤ ከካርታው ውጭ ለቆመ አጥር ካሣ አይጠየቅም።

ቀያሽ ነኝ፦
ስለ በሩ ልመልስ። ተሳቢ ወደ 18 ሜትር ይረዝማል፤ በ20 ሜትር ጎን ግቢ ውስጥ ዞሮ አይወጣም። ወይ ወደ ኋላ እየነዳ አስፋልት ላይ ይወጣል (ይህ የሚፈቀድ ነገር አይደለም)፣ ወይ መንገድ ዳር ቆሞ በሸክም ይራገፋል። ፕላኑ ላይ በጎን ወይም በጀርባ የውስጥ መንገድ ካለ በሩን ወደዚያ አዙሩት። ከሌለ መጋዘኑን ለኤፍ ኤስ አር (ለመካከለኛው የኢሱዙ ጭነት መኪና) ልክ አስቡት፤ 6 ሜትር በር ይበቃዋል። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት፤ መኪናው ዘበኛ እስኪከፍት የሚቆምበት 10 ሜትር ያህል ከአስፋልቱ ውጭ ይኑር።

እይታውንም ፈትሹ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ፍሬን እስኪይዝ በ2.5 ሰከንድ 55 ሜትር ያልፋል፤ እስኪቆም ድረስ ወደ 130 ይጠጋል። ከጠርዙ 3 ሜትር ገባ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ከመሬት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ አድርጋችሁ (በርከክ ማለት ነው) ግራና ቀኝ እዩ። ባሕር ዛፍ ወይም ኩርባ 130 ሜትሩን ከጋረደ በሩ ቦታ ይቀይር።

የጮቄ ውሃ፦
ቦዩን አትርሱ እንጂ! ኮንትራክተሩ "ለጊዜው" ብሎ በድንጋይ ይሞላውና መኪና ያስገባል። ሐምሌ ላይ ውሃው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፣ ትከሻውን ይበላል፣ ከዚያ ጠርዙ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይሰበራል። ማስጠገኛውን የሚጠየቀው የግቢው ባለቤት ነው።

ከመጀመሪያው ቱቦ ቅበሩ፤ ከ60 ሳንቲም ያልጠበበ። በቆሎ የሚራገፍበት ግቢ ስለሆነ ቆረቆንዳና የተቀደደ ማዳበሪያ ጠባቡን ወዲያው ይደፍነዋል። ርዝመቱ ከበሩ ስፋት በየጎኑ 1 ሜትር ይብለጥ፤ ቁልቁለቱ የቦዩን ይከተል፤ ላዩ ላይ ቢያንስ 50 ሳንቲም የተጠቀጠቀ ሙሌት ይኑር፤ አለዚያ የመጀመሪያው የተጫነ መኪና ይሰብረዋል። ሁለቱም ጫፍ በግንብ ይታሰር። መግቢያው ከአስፋልቱ ወደ ቦዩ ያዘንብል፤ የግቢ ጭቃ አስፋልት ላይ እንዳይፈስ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። በጀርባ በኩል ፕላኑ ላይ 10 ሜትር መንገድ አለ፣ ግን ገና አልተከፈተም።

ዳሞት፦
መቼ እንደሚከፈት ከከተማው በጽሑፍ ጠይቁ፤ መጋዘኑን ግን መንገዱ ሲከፈት ከጀርባ በር እንዲወጣለት አድርጋችሁ ከአሁኑ ንደፉ። በነገራችን ላይ ምድሩ 4 ሜትር፣ ሦስቱ ፎቅ 3.2 ከሆነ 13.6 ሜትር ነው። በሕንፃ አዋጅ 624/2001 አመዳደብ ከ12 ሜትር ያለፈ ሕንፃ ምድብ ሐ (ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ያለበት ምድብ) ስለሚገባ፣ ጂ+2 ይበቃችሁ እንደሆነ አሁኑኑ ወስኑ።