«ኃይል በዛባት» ስትሉ

ቀይ ካባ፦ ትናንት አንዱ ስለ ልዕለ ጀግናዋ ካፕቴን ማርቭል ፊልም ሲጽፍ «ሴት ጀግና ኃይል ሲበዛባት ታሪኩ ይሞታል» አለ። ደሜ ፈላ። ሱፐርማን በ1978ቱ ፊልም ምድርን ዞሮ ዞሮ ጊዜን ወደ ኋላ መልሷል። ያኔ ማን «በዛበት» አለ?

ጨለማው፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። ሱፐርማን ክሪፕቶናይት የሚባል አቅም የሚያሳጣው ድንጋይ አለበት። ድክመት ከሌለ ልብ አይሰቀልም። ጾታ ምን አገባው?

ቀይ ካባ፦ ካላገባው «ሴት ጀግና» ብለህ ለምን ጀመርክ?

ብራና፦ እኔን የከነከነችኝ «ባት» ናት። ሥራ ይበዛባታል፣ ዕዳ ይበዛባታል። ኃይል ዕዳ ሆነ እንዴ? «በዛላት» ብትል ምን ነበረበት?

ጨለማው፦ የሰዋስው መምህር መጣልን።

ብራና፦ ሳቅ። ደራሲዎቹም እንዳንተው ናቸው። በኮሚኩ የኤክስ-ሜን ቡድኗ ጂን ግሬይ «ፊኒክስ» የሚባል ግዙፍ ኃይል አግኝታ ፊኒክስ ሆነች፣ በዛባት፣ በ1980 ሞተች። ጠንቋይዋ ጀግና ዋንዳ በ2005 በዛባት፣ አእምሮዋ ተናጋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የአብዛኞቹን ሚውታንቶች (ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች) ኃይል አጠፋች። በ2022ቱ ፊልም ደግሞ እሷም አስማተኛው ዶክተር ስትሬንጅም አንድ የተረገመ መጽሐፍ ተጠቅመዋል። እሱ ሦስተኛ ዓይን አተረፈ። እሷ ተራራ ተናደባት።

ጨለማው፦ ራሷ ናት የናደችው! ፊልሙን አይተኸዋል?

ብራና፦ ድርሰቱንም ራሷ ጻፈችው በላ።

ድመት እግር፦ ኧረ ፊልሙን ተዉት። ኮሚክ ያነበበ የኤክስ-ሜኗን ስቶርምን ያውቃል። በ1986 ያለ ምንም ኃይል የቡድን ጓደኛዋን ሳይክሎፕስን ገጥማ ረታችው፣ የኤክስ-ሜንን መሪነት ወሰደች።

ጨለማው፦ ይኸው! ኃይል ሲያጥራት ነው ያማረባት።

ድመት እግር፦ እኔን ለምስክርነት አትቁጠረኝ።

ቀይ ካባ፦ ወንድ ያለ ኃይል ሲያሸንፍ ባትማን ይባላል። ሴት ስታሸንፍ «ባይኖራት ይሻላል» ማስረጃ ትሆናለች። ዎንደር ውመንንም በ1968 ኃይሏን አስጥለው የልብስ ሱቅ ከፈቱላት። የመለሱላት በ1973 ነው። በ1942ማ የጀግኖቹ ማኅበር የጀስቲስ ሶሳይቲ ጸሐፊ አድርገዋት ነበር። አማልክት ኃይል የሰጧት ሴት ቃለ ጉባኤ ያዥ!

ታዛቢ፦ ገበያውን እዩ እንጂ። ካፕቴን ማርቭል በ2019 ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች። ታሪኩ የሞተው የት ላይ ነው?

ጨለማው፦ ብዙ ሰው ይጠብቀው በነበረው በማርቭል ፊልም «ኤንድጌም» ዋዜማ ስለወጣች ነዋ። በ2023 ተከታይዋ «ዘ ማርቭልስ» ስንት አመጣ? 206 ሚሊዮን ገደማ።

ታዛቢ፦ በዚያው ዓመት የሯጩ ጀግና ፊልም «ዘ ፍላሽ»ም ከሰረ። እሱ ምን በዛበት? ሩጫ?

ድመት እግር፦ እዛማ የበዛበት የኮምፒውተር ሥዕል ነው።

ጨለማው፦ በዚህስ ተስማማን።

ቀይ ካባ፦ ወሬ አታስቀይሱ። ድክመት ፈልገህ አልነበር? ካሮልን፣ ካፕቴን ማርቭልን ማለቴ ነው፣ ሮግ የምትባል ሚውታንት በ1981 ኃይሏንም ትዝታዋንም ነጥቃታለች።

ጨለማው፦ ያ ኮሚክ ነው። እኔ ያወራሁት ስለ ፊልሙ ነው።

ድመት እግር፦ ገና ከመጀመሪያው አላነበብኩም ብትል ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር።

ብራና፦ «በዛባት»ን ታነሣለህ ወይስ አታነሣም?

ጨለማው፦ አላነሣም! «ኃይል በዛላት» ብዬ ልጻፍ? ማን እንደዚህ ሲያወራ ሰምተሃል?

ብራና፦ ማንም። ከጠዋት ጀምሮ የምልህ እሱን ነው።