ከጽኑ እሥራት በኋላ ሥራ ለመቀጠር ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? (ጅማ)

ጥያቄ — የሂርማታው አናጺ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የምኖር የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. በመሬት ወሰን በተነሣ ጠብ ምክንያት በሰው ላይ ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ወንጀል በጅማ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የ6 ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈርዶብኛል። በፍርዱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለት ሦስተኛውን ከጨረስኩ በኋላ በ2010 ዓ.ም. በአመክሮ ተፈታሁ፤ የቀረው የአመክሮ ጊዜም በ2012 ዓ.ም. ያለ አንዳች ክስ ተጠናቋል።

የእንጨት ሥራን የተማርኩት ማረሚያ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከወጣሁ ወዲህ በሰው ወርክሾፕ እየተቀጠርኩ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የጅማ በርጩማ በመሥራት ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ድርጅት ለእንጨት ሥራ ክፍሉ ኃላፊ ለመቅጠር ባወጣው ማስታወቂያ ተወዳደርኩ። የተግባር ፈተናው የዋንዛ በር ከነመቃኑ መሥራት ነበር፤ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከወንጀል ነጻ ስለመሆኔ ማስረጃ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ፤ አሻራ ሰጥቼ ያገኘሁት ወረቀት የ2006ቱን ፍርድ የሚጠቅስ በመሆኑ ቦታው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ተሰጠ።

ጥያቄዬ እንደሚከተለው ነው። ይቅርታ ብጠይቅ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዝልኛልን? የምጠይቀውስ ከፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ነው ወይስ ከኦሮሚያ ክልል? እስከዚያውስ እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት ሰው በምን መንገድ ሥራውን ማሳደግ ይችላል? ልጆቼ እያደጉ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የቀን ሠራተኛ ሆኜ መቅረት አልፈልግም።

መልስ — ጠበቃ፣ ከጅማ

ውድ ጠያቂ፣ በወንጀል ጉዳዮች ላይ በዚሁ በጅማ በጥብቅና ስለምሠራ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አስቀድመው የሚያስቡት ይቅርታን ነው። ለእርስዎ ግን የሚያስፈልግዎት ይቅርታ ሳይሆን በወንጀል ሕጋችን መሰየም የሚባለው፣ ማለትም ቅጣቱን የጨረሰን ሰው ፍርድ ከመዝገብ የሚያሰርዘው ሥርዓት ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 በዝርዝር ደንግጎት እያለ ብዙ ሰው ሳያውቀው መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ይቅርታ የሚነካው ቅጣቱን ነው። በአንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ የሚሰጠው አካል ያልተፈጸመውን ቅጣት በሙሉ ወይም በከፊል ሊያስቀረው፣ ወይም ወደ ቀለለ ቅጣት ሊለውጠው ይችላል፤ የጥፋተኝነቱ ፍርድ ግን በመዝገብ ላይ እንደተጻፈ ይቆያል፣ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። እርስዎ ቅጣትዎን ጨርሰዋል፤ ስለዚህ የሚቀነስልዎት ነገር የለም፤ ቢሰጥዎት እንኳ ፖሊስ የሚጽፍልዎት ወረቀት ያው ነው። የሥልጣኑን ጉዳይ ስለጠየቁ፣ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት የሚሰጡት ይቅርታ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 የሚመራ ሲሆን፣ በክልል ፍርድ ቤት በክልል ጉዳይ የተቀጣ ሰው ጥያቄ ደግሞ በክልሉ የይቅርታ ቦርድ በኩል ይታያል።

መሰየም ከዚህ የተለየ ነው። የተሰየመ ሰው በፍርዱ ምክንያት ያጣቸው መብቶች ይመለሱለታል፤ ፍርዱ ከወንጀለኞች መዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ፣ አንድ ሰው በክፋት ተነሣሥቶ የተሰረዘውን የቀድሞ ፍርድ እያነሣ ቢነቅፈው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» የሚል መከላከያም አይጠቅመውም። ሕግ አውጪው ወደ ማኅበረሰቡ ለሚመለስ ሰው ምን ያህል እንዳሰበ ከዚህ ድንጋጌ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

መመዘኛዎቹን እንመልከት። ጽኑ እሥራት ለተፈረደበት ሰው ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። የእርስዎን ጊዜ የአመክሮው ጊዜ ካለቀበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምረን ብንቆጥር እንኳ 5 ዓመቱ አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልካም ጠባይ ማሳየት፣ በእሥራት የሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል አለመፈጸም ያስፈልጋል። በመጨረሻም በፍርዱ የታዘዘውን ካሳ፣ ወጪና መቀጮ ከአመልካቹ በሚጠበቀው መጠን ፈጽሞ መገኘት የግድ ነው። ሰዎች አቤቱታቸው የሚሰናከልባቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ጊዜውን ይቆጥራሉ፣ ካሳውን ግን ይዘነጋሉ።

አቤቱታው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ከማረሚያ ቤቱ የተሰጠዎትን የመፈቻ ደብዳቤ፣ የፍርዱን ግልባጭ፣ ከቀበሌዎ የመልካም ጠባይ ማስረጃ፣ ካሠሩዎት ሰዎች የሥራ ምስክርነት፣ እንዲሁም የካሳ ክፍያ ማስረጃ አያይዙ። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ አቤቱታው በዚሁ ቋንቋ እንዲጻፍ ያድርጉ። አቤቱታው ውድቅ ከተደረገ እንደገና ለማመልከት 2 ዓመት መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ ማስረጃው ሳይሟላ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ማቅረብ ጊዜ ያስበላል። ከተፈቀደልዎት በኋላም የውሳኔው ግልባጭ ለፖሊስ እንዲደርስና መዝገቡ እንዲስተካከል ትእዛዝ እንዲጻፍልዎ በዚያው ይጠይቁ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ውሳኔውን በኪሱ ይዞ አሮጌውን ወረቀት ሲሰጠው አይቻለሁ።

መልስ — እህት፣ ከቆጪ

ለጠያቂው ወንድሜ አላህ መንገዱን ያቅናልዎ። ለጠበቃው አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ ገና በማረሚያ ቤት ይገኛል፤ ከቅጣቱም ግማሽ ያህሉ ይቀረዋል። ለእርሱ ከሆነ ይቅርታ መጠየቅ ይጠቅማልን? እኛ ቤተሰቦቹ ልንጠይቅለት እንችላለንን? እናታችን ብትደክምም በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ከመሞቷ በፊት ቤት ሲገባ ብታየው ትመኛለች።

መልስ — ጠበቃ፣ ከጅማ

እህቴ፣ ለወንድምሽ ይቅርታ ተገቢው መንገድ ነው፤ የሚቀረው ቅጣት አለና። ጥያቄውን ራሱ ታራሚው ወይም በእርሱ ስም የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብለት ይችላል፤ ማረሚያ ቤቱም በራሱ ተነሣሽነት ስም ዝርዝር ይልካል። ስለዚህ በመጀመሪያ ስሙ በማረሚያ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አጣሩ። ከተበዳዩ ወገን ጋር የተደረገ እርቅ በጽሑፍ ካለ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ የአመክሮው ቀን መቼ እንደሚደርስ አስሉ፤ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰና ጠባዩ ከተመሰከረለት ይቅርታው ቢዘገይም በአመክሮ መውጣት ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ የምለው፣ በይቅርታ የወጣ ሰው የተቀመጠለትን ግዴታ ማክበር እንዳለበት ነው። ይቅርታ ሊነሣ ይችላል። ሁላችንም የምናስታውሰው የወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ፣ ምንም እንኳ ፖለቲካዊ ቢሆንም፣ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ከተፈቱ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተነሥቶ ወደ እሥር ቤት ተመለሱ፤ በ2003 ዓ.ም. እንደገና በይቅርታ ወጡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ይህን የመጨረሻውንም የጠቀስኩት በምክንያት ነው፤ ፍርድ የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት መጨረሻ አይደለም።

መልስ — ባለ ወርክሾፑ፣ ከአጋሮ

አሰላሙ አለይኩም። እኔም ጽኑ እሥራት ጨርሼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ በአጋሮ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። የሕጉን ነገር ጠበቃው አሟልተው ስለጻፉት በእርሱ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ሥራው ግን ልናገር።

ወንድሜ፣ ቅጥርን ብቻ ተስፋ አታድርግ። ቀጣሪ ከአሻራው ወረቀት በፊት የሚጠይቅህ ዋስ ነው፤ ከእሥር ለወጣ ሰው ደግሞ ደመወዝ ያለው ዋስ ማግኘት ከወረቀቱ የበለጠ ይከብዳል። እኔን ለረጅም ጊዜ ያንከራተተኝ እርሱ ነው፤ የሥጋ ዘመዶቼ እንኳ ለመፈረም ፈርተው ነበር፣ አልቀየምኳቸውም። የንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ግን የተጠየቅሁት መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የኪራይ ውል ነበር፤ ስለ ፍርዴ የጠየቀኝ አልነበረም። የመጀመሪያውን የብየዳ ማሽን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዕቁቡ ውስጥ ያስገቡኝ ሰፈሬን የሚያውቁ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ ዕጣው ቶሎ ቢወጣልኝም እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ ሳላጓድል ስለጣልኩ፣ በኋላ ብረት በዱቤ የሚሰጡኝ እነርሱው ሆኑ።

አንተ የያዝከው ሙያ ደግሞ ጅማ ላይ የተከበረ ነው። የጅማን በርጩማና ወንበር አዲስ አበባ ድረስ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ሥራ ስትረከብ ግማሹን ቀብድ ተቀበል፣ የምታስረክብበትን ቀን ጻፍ፣ በቀኑም አስረክብ። እንጨቱ ሳይደርቅ አትሥራ፤ እርጥብ ዋንዛ በሁለት ወር ውስጥ ተጣሞ በሩ አልዘጋ ሲል ደንበኛው የሚያነሣው የእንጨቱን ነገር አይደለም፣ «እሥር ቤት የነበረ ሰው» ነው የሚለው። እኛ ከሌላው ባለሙያ በላይ መጠንቀቅ አለብን፤ ይህ ፍትሐዊ ባይሆንም ያለው እውነት ይኸው ነው።

መልስ — የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

ከቀጣሪ በኩል ያለውን ባስረዳ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ በወንጀል ሲፈረድበት ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችለው ወንጀሉ ከያዘው ሥራ ጋር የማይጣጣም ሆኖ ሲገኝ ነው። እኔ በቅጥርም ጊዜ ይኸው ሚዛን ቢሠራበት እላለሁ፤ በእምነት ማጉደል የተፈረደበትን ሰው ገንዘብ ያዥ አላደርግም፣ በድንበር ጠብ የተቀጣን አናጺ ግን የእንጨት ክፍል ኃላፊ የማላደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ጠያቂውን ያልቀጠረው ድርጅት ይህን ሚዛን ሳይጠቀም ወረቀቱን ብቻ ያየ ይመስለኛል፤ ብዙዎቻችን የምናደርገውም እንደዚያ ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማታለል በተለየ ሁኔታ ስለሚታዩ የወንጀሉ ዓይነት ወሳኝ ነው።

እስኪሰየሙ ድረስ ለሚወዳደሩበት ቦታ፣ የአሻራው ወረቀት ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን ራስዎ ለኃላፊው ቢነግሩት ይሻላል። መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ምን ያህል እንደተቀጡ፣ ከተጎጂው ጋር እንዴት እንደታረቁ፣ ከዚያ ወዲህ የት የት እንደሠሩ በአጭሩ ይናገሩ፤ ያሠሩዎትን ሰዎች ስልክ ይስጡ። ወረቀቱ ከእርስዎ ቃል ቀድሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ፣ እኔ ፈቃደኛ ብሆን እንኳ ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን የምናገረው አላገኝም።

ጠያቂው — የሂርማታው አናጺ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሰየም የሚባል ነገር ስለመኖሩ እስከ ዛሬ የነገረኝ አልነበረም። አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ቀርቷል። ከተጎጂውና ከቤተሰቡ ጋር በጃርሱማ (በአገር ሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት) ታርቀን ካሳውን በሽማግሌዎች ፊት ከፍያለሁ፤ ዛሬ በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የተጻፈ ነገር የለም፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ አርፈዋል። ደረሰኝ የሌለው ካሳ ፍርድ ቤት ይቀበለዋልን?

መልስ — ጠበቃ፣ ከጅማ

በመጀመሪያ በፍርዱ ውስጥ የካሳ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ትእዛዙ በዚያ መዝገብ ካልተሰጠ ይህ መመዘኛ ቀለል ይላል። ትእዛዝ ካለም ተስፋ አይቁረጡ። ተጎጂው በሕይወት ስላሉና ግንኙነታችሁም መልካም ስለሆነ፣ ካሳውን መቀበላቸውንና መታረቃችሁን ራሳቸው በጽሑፍ ያረጋግጡልዎት፤ ያሉት ሽማግሌዎችም በምስክርነት ይፈርሙበት፤ ከዚያም በቀበሌ አረጋግጣችሁ ያዙት። ፍርድ ቤቱ ቃላቸውን መስማት ከፈለገ ለመቅረብ ፈቃደኛ መሆናቸውንም አስቀድመው ይጠይቋቸው። ሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሚሆኑ ይህን ከሌላው ሁሉ ያስቀድሙ።

የ2006ቱን መዝገብ ቁጥር ካላስታወሱት በመፈቻ ደብዳቤው ላይ ይፈልጉት፤ ከሌለም በስምዎና በተፈረደበት ዓመት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያስፈልጉ። ቁጥሩን ሲያገኙ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ረቂቁን ካዘጋጁት በኋላ ከማስገባትዎ በፊት ያለ ክፍያ አነብልዎታለሁ።