የማታ ተማሪ ነኝ፣ አልጀብራ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ፒያሳ ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ አራት ኪሎ አካባቢ ኮሌጅ እማራለሁ። አልጀብራ አናቴ ላይ ወጥቷል።

የማርኩ ክፍፍል ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50 ነው። ኩዊዝ 7፣ አሳይመንት 9 አለኝ። ሚድ ግን 11 ብቻ! ድምሩ 27። በፊክስድ ከሆነ፣ ማለትም ማለፊያው አስቀድሞ የተወሰነ ነጥብ ከሆነ፣ 50 ለመድረስ ከፋይናል 23 ይበቃኛል። መምህሩ ግን «በከርቭም ሊሆን ይችላል» አሉ፤ ያ ማለት ውጤቴ ከክፍሉ ልጆች ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚወሰነው። ታዲያ ስንት ላስብ?

ሚድ ላይ የጣለኝ ይሄ ነው፦ የኤክስ ሲደመር 6 ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው፣ ኤክስን ፈልግ። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አድርጌ 3 እና ኔጌቲቭ 2 አገኘሁ። መምህሩ ኔጌቲቭ 2ን በቀይ ሰርዘው «ተክተህ ቼክ አድርግ» ብለው ጻፉበት። ስተካው የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው እንጂ ኔጌቲቭ 2 አይደለም። እሺ። ግን ስሌቴ ላይ ስህተት ከሌለ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? ካልኩሌተርም አይፈቀድም፤ እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያለ እሱ መልስ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም።

ፋይናል ሊደርስ 2 ሳምንት ቀረው። እሁድ ከሰዓት ነፃ ነኝ። የሚያስረዳኝ ካለ ቡናው በእኔ ነው።