የዲዋሊ መብራት ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! የምኖረው ዱባይ ነው። ትናንት ማታ ህንዳውያን ጎረቤቶቼ ደጃፋቸውን በሸክላ ኩራዝ አሳምረው፣ ጣፋጭ በሳህን ላኩልኝ። የዲዋሊ በዓል ነው አሉኝ። ምን ማለት ነው? የሂንዱዎች ብቻ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ነው የተማርኩት። አከራዬ ኩራዞቹን ቀድማ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋቸዋለች፣ ሸክላው ዘይቱን እንዳይመጥባት። ከዚያ ጥጥ በመዳፏ እያሸች ክር ታወጣለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንቱን ፈትያለሁ! የዲዋሊ ሌሊት ጨረቃ የለውም። መብራቱ የብልጽግና አምላክ የሆነችው ላክሽሚ ቤቱን እንድታገኘው ነው። በሰሜን ህንድ ራማ የተባለው አምላክ ከ14 ዓመት ስደት ወደ ከተማው አዮድያ የተመለሰበት ነው ይላሉ። በደቡብ ደግሞ ክሪሽና የተባለው አምላክ ናራካሱራ የሚባለውን ጋኔን የገደለበት ነው ይላሉ። በምሥራቅ ያሉት ቤንጋሎች ደግሞ ካሊ ለምትባል አምላክ ይሰግዳሉ።

ሌላ መልስ፦ የሂንዱ ብቻ አይደለም። የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች መምህራቸው ማሃቪራ ከዳግም መወለድ ዑደት ነፃ የወጣበት ብለው ያከብሩታል። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ መሪያቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ 52 መሳፍንትን ይዞ ከግዋሊዮር ምሽግ እስር የወጣበትን ያስባሉ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ምን ልላክላቸው?

መልስ፦ ሥጋና እንቁላል የማይበሉ ብዙ ህንዳውያን አሉ። ቆሎ ቁይላቸው፣ በጣም ይወዱታል።