ልጄን በቴሌግራም ስቲከር እያሸማቀቋት ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ)
ሰላም ወገኖቼ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ትላለች፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ናት። ስልኳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትደነግጣለች። ትናንት ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት አለቀሰች። እንጀራ ስትጎርስ ያነሷትን ፎቶ የክፍሏ ልጆች ስቲከር ሠርተውበታል። የክፍላቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትንሽ ነገር ከጻፈች ያንኑ ያዘንቡባታል። ስልኳን ልቀማት? ወይስ ልጆቹ ቤት ልሂድ?

ስልክ ጠጋኝ፣ ፒያሳ
አብሽሪ እህቴ። ስልኳን አትቀሚያት፤ ሁለተኛ አትነግርሽም። ከግሩፑ ሳትወጣ መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ፤ የላኪው ዩዘርኔምና ቀኑ ይታይ። የላከው ልጅ መልሶ ሊያጠፋው ስለሚችል አትዘግዩ። ስቲከሩን ነካ ስታደርጉት የጥቅሉ (ስቲከሮቹ የተሰበሰቡበት ፓክ) ስም ይመጣል፤ እሱንም ያዙ። ከዚያ ሪፖርት፣ ብሎክ። ሴቲንግ ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ግሩፕ ላይ ማን ሊጨምራት እንደሚችል መወሰን ይቻላል። የሚያስቸግሯትን ለይታችሁ ከልክሉ።

የሮቢት ልጅ
ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ። እኛም ስንት ቅጽል ስም ወጥቶልን አድገናል። ቸል በዪው።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ የኛ ቅጽል ስም ትምህርት ቤት በር ላይ ይቀር ነበር። ይሄ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል።
እህቴ፣ ልጆቹ ቤት አትሂጂ፤ የወላጅ ጠብ ይሆናል። ስም ጠሪ መምህሯን ለብቻ አነጋግሪና ማስረጃውን አሳዪ። አደራ፣ ሰልፍ ላይ ስሟ እንዳይጠራ! አንዳንዱ ርዕሰ መምህር የረዳ መስሎት ማይክ ይይዛል።

ጠበቃ ነኝ፣ ደሴ
ዛቻ ወይም የገላ ፎቶ ከመጣ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ። እንዲህ ያለ ፎቶ ለማስረጃም ብለሽ ለማንም እንዳትልኪ። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማስፈራራትም ሆነ መልእክት እየደጋገሙ ማስጨነቅ ወንጀል ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ የራሱ አያያዝ አለው እንጂ ዝም አይባልም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። «አሳባቂ ይሉኛል» ብላ መምህሩ እንዳይሰማ ለምናኛለች።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ
እውነቷን ነው፣ ይሏታል። ስለዚህ ማን እንደነገረው እንዳያወጣ አስቀድመሽ አስጠንቅቂው፤ ስለ ግሩፑ ለክፍሉ በሙሉ ይናገር። የምታምናት ጓደኛ ካለቻት አብረው ይቀመጡ። «መኖር አስጠላኝ» የሚል ነገር ከአፏ ከወጣ ግን ለነገ አትበዪ፣ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰጃት።