የኦፒየም ጦርነትና ውሎቹ ተምታቱብኝ፤ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም_ዘደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለታሪክ ትምህርት የእንግሊዝና የቻይና ጦርነቶችና ውሎች ደርሰውኝ ሐሙስ ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ። ሁለት ነገር አልገባ አለኝ። አንደኛ፣ የ1842ቱ የናንጂንግ ውል ኦፒየም (ሱስ የሚያስይዘው ዕፅ) መነገድ ይፈቀድ የሚል አንቀጽ የለውም። በኦፒየም ሰበብ ተዋግተው ውሉ ላይ ለምን ዝም አሉ? ሁለተኛ፣ እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን የያዘችበትን ዓመት አንዱ 1842፣ ሌላው 1860፣ ሌላው 1898 ይለዋል። የቱን ልያዝ?

መምህር_ጡረታ፦
ልጄ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። ደሴቲቱ በናንጂንግ ውል ለዘለቄታው ተሰጠች። ከባሕሩ ማዶ ያለው የካውሉን ጫፍ በ1860 በቤጂንግ ውል ተጨመረ። ከዚያ በስተሰሜን ያለው ሰፊ መሬት በ1898 ለ99 ዓመት በኪራይ ተወሰደ። ኪራዩ በ1997 ሲያልቅ ሦስቱም አብረው ተመለሱ። ካርታሽን በሦስት ቀለም ቀቢው፣ ነገሩ ያኔ ይታያል።

ኦፒየሙን ለመረዳት ከ1839 ጀምሪ። ሊን ዘሹ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ሹም በመጋቢት ካንተን (ጓንዡ) ደርሶ የውጭ ነጋዴዎቹን ኦፒየማችሁን አስረክቡ ብሎ በመኖሪያ ሠፈራቸው ዘጋባቸው። የእንግሊዝ ንግድ ኃላፊው ቻርልስ ኤልየት ዕቃውን በመንግሥቱ ስም ከነጋዴዎቹ ተረክቦ ከ20,000 በላይ ሣጥን ለሊን አስረከበ። ነጋዴዎቹ ደስ ቢላቸው አይገርምም፤ የኮንትሮባንድ ዕቃቸው በአንድ ጊዜ መንግሥት የሚጠየቅበት ዕዳ ሆነላቸው። ሊን ደግሞ ሁመን ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ በውኃ፣ በጨውና በኖራ አሟሟውና ወደ ባሕር ለቀቀው።

እንግሊዝም ዕዳውን ቻይና ትክፈል ብላ ተዋጋች፤ ለዚህ ነው ኦፒየም ውሉ ውስጥ በካሳ ብቻ የገባው። ቻይና 21 ሚሊዮን የብር ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት፦ 6 ሚሊዮኑ ለተደመሰሰው ኦፒየም፣ 3ቱ የካንተን ነጋዴዎች ለነበረባቸው ዕዳ፣ 12ቱ ለእንግሊዝ የጦርነት ወጪ። የተመታው የመቺውን ባሩድ ከፈለ ማለት ነው።

ነጋ_ጠባ፦
ዝምታውም ለእንግሊዝ አልከፋም። ንጉሠ ነገሥት ዳውጓንግ ንግዱን ሕጋዊ ለማድረግ እሺ አይልም፤ ለንደንም ጉዳዩ አሳፋሪ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። በሚያዝያ 1840 ፓርላማው ላይ የቀረበው የተቃውሞ ሐሳብ የወደቀው በ271 ለ262 ብቻ ነው። በኮንትሮባንድ እንደ ልብ እየተሸጠ ማን አንቀጽ ይፈልጋል? ሕጋዊ የሆነው በ1858 ነው፤ ያኔም በውሉ ሳይሆን ሻንጋይ ላይ በተፈረመ የቀረጥ ስምምነት።

የወደብ_ልጅ፦
ሰው ሁሉ ናንጂንግ ላይ ይቆማል፤ እኔ የ1843ቱን ተጨማሪ ውል አትዝለዪ እላለሁ። በናንጂንግ አምስት ወደቦች ተከፈቱ፦ ካንተን፣ ሺያመን፣ ፉዡ፣ ኒንቦና ሻንጋይ። ቻይናን ለመቶ ዓመት ያሰረው ግን በማግሥቱ የመጣው ነው። ወንጀል የሠራ እንግሊዛዊ በገዛ ቆንስሉ እንጂ በቻይና ዳኛ አይዳኝም ተባለ። ቻይና ለሌላ አገር የምትሰጠው መብት ሁሉ ለእንግሊዝም ይደርሳል የሚልም ተጨመረ። በ1844 አሜሪካና ፈረንሳይ የየራሳቸውን ውል ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ አንዱ ያገኘውን ሁሉም ያገኘዋል።

ሰላም_ዘደሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እናንተም ተባረኩ። ሁለተኛው ጦርነትስ? ያለኝ 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

ነጋ_ጠባ፦
በአጭሩ አሳልፊው። በ1856 የቻይና ፖሊስ አሮው የምትባል መርከብ ላይ ወጥቶ ሠራተኞቹን አሰረ። ባለቤቷ ቻይናዊ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ተመዝግባ የእንግሊዝ ባንዲራ ታውለበልብ ነበር፣ ያም ፈቃድ ጊዜው አልፎበታል። ለጦርነት ይኼ ይበቃል? በቃ። ፈረንሳይ ቄስ ተገደለብኝ ብላ ተቀላቀለች። በ1858 የቲያንጂን ውል ተጨማሪ ወደቦችንና ቤጂንግ ላይ አምባሳደር የማስቀመጥ መብትን አመጣ። ለማጽደቅ ሲመጡ በ1859 ወደ ቤጂንግ በሚያስገባው ወንዝ አፍ ባለው ዳጉ ምሽግ ላይ እንግሊዞች ተመትተው ተመለሱ። በ1860 በብዙ ጦር መጡና ቤጂንግ ገቡ፤ የእንግሊዙ ልዑክ ሎርድ ኤልጂን የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት አስቃጠለ።

መቅደላ_ማዶ፦
ይኼኛው ለክፍሉ ሳይሆን ለራስሽ ነው። በዚያ በ1860 ዘመቻ አንዱን ክፍለ ጦር ያዘዘው ሮበርት ናፒየር ነው፤ አዎ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ መቅደላ የመጣው። ከሁለቱም ቦታ የተዘረፈ ቅርስ ዛሬም እንግሊዝ አገር አለ።

መምህር_ጡረታ፦
10 ደቂቃ ከሆነ ውጊያዎቹን ቁረጪ፤ የኤልየትን ርክክብና የ1843ቱን ውል አትንኪ። እንዴት ተሸነፉ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ኔሜሲስን ጥቀሺለት፦ ከብረት የተሠራች በእንፋሎት የምትሄድ የጦር መርከብ ናት፤ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ስለምትገባ የቻይና የእንጨት ጀልባዎች ሊያቆሟት አልቻሉም።

ሰላም_ዘደሴ፦
ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ልቀይራቸው?

መምህር_ጡረታ፦
አትቀይሪ። መጀመሪያው ላይ አንዴ እ.ኤ.አ. ብለሽ ጻፊና ቀጥዪ።